አምስት ቀን የቆየችው ጨረቃ

እናንተ ዘንድ «ዛሬ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቁርጥ ያለ መልስ ያገኝ ይሆናል። እኛ ዘንድ ባሌ ሮቤ ግን ቀን የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይጠየቃል፤ «በየትኛው?» ይባላል። ቀበሌው በእኛ ይቆጥራል፣ ፕሮጀክት የያዘ መሥሪያ ቤት በፈረንጅ፣ ጨርቅ ነጋዴው አከራዬ ሐጂ ከድር በሂጅራ። የዙሪያችን የሲናና ገበሬ ደግሞ ሁሉንም ትቶ በኮምባይነር ይቆጥራል። የአጎቴ ልጅ ሠርግ «ኮምባይነር ሲገባ ነው» ተብሎ ለዘመድ ተነገረ፤ ባሌ ውስጥ በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚታጨድ ማንም ልብ አላለም። ግማሹ ዘመድ ወራት ቀድሞ ተኳኩሎ ሲመጣ ሙሽራዋ ልብስ እያጠበች ነበር።

እንዲህ ያለ አገር ያሳደገኝን ሰው ስለ ቀን አቆጣጠር ማን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ብኮራ ይፈረድብኛል? እንጀራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከሐጂ ሱቅ ጀርባ በተከራየኋት ክፍል ቁጭ ብዬ ባሕር ማዶ ላሉ ሰዎች ፕሮግራም እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንድ ሥራ መጣልኝ፤ ሙት ዓመትን በዕብራውያን አቆጣጠር አስልቶ ለቤተሰብ በስልክ የሚያስታውስ ፕሮግራም። በነሱ ልማድ የወላጅ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሻማ ይበራል። ቀኑ ግን በፈረንጁ ካሌንደር ላይ በየዓመቱ ቦታ ስለሚቀይር አስልቶ የሚነግራቸው ይፈልጋሉ።

መመሪያውን ማንበብ ጀመርኩ። በአንዳንድ ዓመት አስራ ሦስተኛ ወር ይጨመራል የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። አስራ ሦስተኛ ወር! ለእኔ! ለጳጉሜን አገር ልጅ! የቀረውን ገጽ ዘጋሁና ዓይኔን በጨው አጥቤ «አስራ ሦስተኛው ወር አምስት ቀን ነው» ብዬ ጻፍኩ። በየአራት ዓመቱ ስድስት እንዲሆንም አደረግኩ፤ ጥንቃቄዬን እዩልኝ። ሥራውን አስረክቤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረቴን ነፍቼ በሮቤ አስፋልት ላይ ተንሸራሸርኩ።

ከዚያ በፕሮግራሙ የሚጠቀሙ ወይዘሮ ሐና የሚባሉ አሮጊት ጻፉልኝ። «አባቴ የሞቱት በአስራ ሦስተኛው ወር፣ በአስራ ሰባተኛው ቀን ነው። ፕሮግራምህ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይለኛል። ሙት ዓመታቸው አራት ቀን ቀርቶታል። ልጆቼ ሻማ የሚያበሩት ስልካቸው ሲነግራቸው ነው፤ ስልኩ ካላወቀ እነሱም አያውቁም። እኔው ቆሜ አስቀብሬያቸዋለሁ እኮ! እንዴት ቀኑ የለም ትለኛለህ?»

አንጀቴን በሉት። አፈርኩ ብል አይበቃም፤ የሰው አባት ከነሞቱ ሰርዣለሁ። ሦስት ቀን ኮዱን ባገላብጥ ባገላብጥ ስህተቱ አልታይ አለኝ። ጳጉሜን አስራ ሰባት አላት እንዴ? እንዲያውም «ምናልባት እርስዎ ተሳስተው ይሆናል» ብዬ ልመልስላቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ እግዜር ነው ያተረፈኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐጂ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ፊቴን አዩና «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። ሁሉንም ዘከዘክሁላቸው።

«ሰዎቹ ወሩን የሚቆጥሩት በፀሐይ ነው በጨረቃ?»

«በጨረቃ ነው ሐጂ።»

«ታዲያ ወላሂ፣ በአምስት ቀን ተወልዳ የምትሞት ጨረቃ የት አየህ? ቀና ብለህ አይተሃት ታውቃለህ ለመሆኑ?»

ሐጂ ኮምፒውተር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ወደ ክፍሌ በረርኩ። የዘጋሁትን ገጽ ስከፍተው «ሃያ ዘጠኝ ቀን» ይላል። ተጽፏል! እዚያው ተጽፎ ነበር! አምስቱን ሰርዤ ሃያ ዘጠኝ ሳስገባ ሐጂ በሩ ላይ ቆመው፣ በዓላት ወቅታቸውን እንዳይለቁ ተብሎ ወር የመጨመሩ ነገር አልዋጥላቸው ብሎ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እኛ ረመዳን በክረምትም በበጋም ቢመጣ እንጾመዋለን እንጂ ወር አንጨምርም» አሉና ወደ ጨርቃቸው ተመለሱ። የታረመው ፕሮግራም እዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ።

በማግስቱ የወይዘሮ ሐና መልስ መጣ። ሦስቱም ልጆቻቸው በየከተማቸው ሻማውን አብርተዋል። እሳቸውማ ቀኑን ድሮም በጣታቸው ቆጥረው ያውቁታል፤ አንድም ዓመት ስተውት አያውቁም። «ማየት የፈለግሁት ያለ እኔ መሥራቱን ነው። ለአባቴ ከሠራ ለእኔም ይሠራል። አሁን ከእሳቸው በታች የእኔን ስም ጨምርልኝ። ቀኑን ባዶ ተወው፤ ልጆቼ ይሞሉታል» ይላል።

ፕሮግራሜ ባዶ ቀን አይቀበልም ነበር። እያለቀስኩ እንዲቀበል አደረግኩት፤ ምን ልደብቃችሁ። የሙያችን ደንብ የጻፍከውን ሁሉ ሞክረህ አስረክብ ይላል፤ ከዚያ ወዲህ እኔም ጨረቃዋን ሳይቀር ቀና ብዬ አይቼ ነው የማስረክበው። የወይዘሮ ሐናን መስመር ግን ቀን ሳልሞላበት፣ ሳልሞክረው አስረከብኩ። ሳይሞከር ብዙ ዓመት ይኑር።