በዕውቀት የዘመመ ጎተራ

ዘመድ የተማረ ሰው ሲያፈራ ይኮራል። መከራው የሚጀምረው የተማረው ዘመድ ልጥቀማችሁ ብሎ የተነሣ ዕለት ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ምህንድስና አስተምራለሁ። ያጠናሁት ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ መጉበጥን ነው። ሌላው መሐንዲስ ሥራው እንዳይጎብጥበት ሲጨነቅ፣ እኔ ሆን ብሎ የሚጎብጥ መረብ መሰል ነገር እሠራለሁ። ክብደት ሲያርፍበት ዘንጎቹ ተራ በተራ ይጎብጡና እርስ በርስ ተደጋግፈው ይጠነክራሉ፤ ሸክሙ ሲነሣ ቀና ይላሉ። በሰው ዘንድ ይህ ጠባይ አድርባይነት ይባላል፤ በእኛ ሙያ ግን ዲግሪ ያሰጣል።

ማንኩሳ ያሉት አጎቴ አያ ደመላሽ ይህን ሰምተው፣ እስቲ ለእኔም ጎተራ ሥራልኝ አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የዓመት ቀለባቸውን በቆሎ የሚይዝ ጎተራ በስስ ቀርከሃ አበጀሁላቸው። ሲሞላ ትንሽ ዘመም ይላል፣ እንዳይደነግጡ አልኳቸው። እንደ ሰካራም? ብለው ጠየቁኝ። ሰካራም ዘሞ ይወድቃል፣ ይህ ዘሞ ይጸናል ብዬ ተራቀቅሁ። ቅዳሜ ሞላነውና እኔ ለለቅሶ ቡሬ ሄድኩ።

እሑድ ጎረቤቱ ከቅዳሴ ሲመለስ ጎተራው ዘሟል። በእኛ አገር የዘመመ ነገር አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጎረቤት የት አለ? ኧረ የሰው እህል ሊፈስ ነው ተባለና ሁሉም ከየቤቱ የድጋፍ ባላ እየያዘ መጣ። አጎቴስ ቢሆኑ ባላ ተሸክሞ የመጣን ሰው እንዴት ተመለስ ይበሉት? ነውር ነው።

ስመለስ ጎተራዬ ዙሪያውን በባላ ተወጥሯል፤ ሊጎብጥ ያሰበ ዘንግ ሁሉ ተከልክሏል። መሄጃ ያጣው ክብደት ባላ ያልደረሰበትን ጎን ፈልጎ አገኘና ዐይኔ እያየ በርግዶት ወጣ። በቆሎው ግቢውን ሞላው። ጎረቤቶቹ ከከብት አፍ እየነጠቁ ሲለቅሙ፣ ምነው አንድ ባላ ብንጨምር ኖሮ እያሉ ይቆጩ ነበር።

አፍሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አጎቴ በወፍራም ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ለማንም የማይንበረከክ ጎተራ አሠሩና የተረፈውን በቆሎ ጨመሩበት።

ትናንት ደወሉልኝ። ደስታቸው ሌላ ነው።

"አንተ ልጅ፣ በከንቱ ሳማህ ከረምሁ፣ ይቅር በለኝ። አዲሱ ጎተራም እንዳልኸው መዝመም ጀምሯል!" አሉኝ።

ኧረ አያ፣ እንዲዘም የተሠራው ያ የእኔው ነው እንጂ ይህኛውን ምስጥ በልቶት ነው፣ ሳይወድቅ ቶሎ ይደግፉት ብዬ ጮኽኩ። ሳቁብኝ።

"አሁንማ ትምህርትህ ገብቶኛል" አሉ፤ "ባላ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከደጅ መልሸዋለሁ።"