አምስቱ አፋጣኞች

ነገር ለማፋጠን ሲሉ የሚያዘገዩ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እንዲህ ያሉ አንድ ሽማግሌ ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ፣ አቤቱታ በኮምፒውተር ከሚጻፍበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አገኘኋቸው። ልጆቼን የማሳድግበትን ቤት ልቀቂ ተብዬ ተከስሼ፣ መልሴን እስከ ስድስት ሰዓት መዝገብ ቤት ማስገባት ነበረብኝ። ካላስገባሁ ሊፈረድብኝ ነው። ፈሪ ስለሆንኩ በሦስት ሰዓት ደረስኩ።

መብራት ጠፍቶ ገና መመለሱ ነበር። ጸሐፊው ሽማግሌ አሮጌውን ኮምፒውተር አስነሱና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«ይቆያል እንዴ ጋሼ?»

«ኧረ በፍጹም! ማፋጠኛ ፕሮግራም ጭኜበታለሁ።»

አንድ ሰዓት አለፈ።

«ማፋጠኛው ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

«የትኛው? አምስት ናቸው እኮ!» አሉ ኮራ ብለው። «አንዱ ሲያዘገየኝ ሌላ እጨምራለሁ። አሁን እነሱ ተነስተው እስኪጨርሱ ነው የምንጠብቀው።»

ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት፣ ከአዋቂ ጋር ምን ያከራክረኛል? ብቻ አምስት ሰዎች ጠባብ በር ላይ «ልቅደም፣ ልቅደም» እያሉ ሲጋፉ ታየኝ።

«ማታ ሲያጠፉትስ?»

«እኔ አላጠፋውም፤ መዝጋቱም የዚያኑ ያህል ይፈጃል። መብራት ሲሄድ ራሱ ይጠፋል።»

አምስት ሰዓት ሲያልፍ ጭንቀቱ አላስቀምጥ አለኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ለምኜ፣ እሳቸው እየነገሩኝ በእጄ ጻፍኩት። በሩብ ሰዓት አለቀ። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ መዝገብ ቤቱም ተቀበለኝ።

ላመሰግናቸው ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

«እህቴ፣ ኮምፒውተሩ ተከፈተልሽ! ስድስት ሰዓት እንኳ ገና አልሞላም። አፋጣኞቹ ባይኖሩ ኖሮ እኮ ቀጠሮው ያመልጥሽ ነበር።»