ሁለት ሸክም ጭድ ያወጣ ደጋፊ

ትናንት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሕልም አየሁ። ሕልም የሌሊት ነው የምትሉ ካላችሁ የዋርካ በር ከተማ እግር ኳስ ክለብ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተቀምጣችሁ አታውቁም ማለት ነው። ሰብሳቢው የአምስት ዓመቱን ሪፖርት ሲያነብ ገጽ ሦስት ላይ «ከላይ ለመግለጽ እንደተሞከረው» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቅም።

ልተኛ የመጣሁ ሰው አይደለሁም፤ ይሄ ይታወቅልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የደገፍኩት ክለብ ለባለሀብቱ ለአቶ ዘርጋው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚወሰነው ትናንት ነበር። ሰውየው ክለቡን ከገዛ ሆቴሉ ወዳለበት ከተማ ይዞት ይሄዳል፤ ስሙም «ዘርጋው ኢንተርናሽናል ሆቴል» ይሆናል። እስቲ አስቡት፤ «ዘርጋው ኢንተርናሽናል ሆቴል፣ እንወድሃለን!» ብሎ የሚዘምር ጉሮሮ ከየት ይመጣል? ይህን በአደባባይ ልቃወም ነበር የሄድኩት። የተናጋሪዎች ዝርዝር ላይ ስሜ ሦስተኛ ነበር። ታዲያ ንግግሬን ስለማመድ ሳልተኛ አደርኩና እንቅልፌን ለጉባኤው አቆየሁት።

በሕልሜ ስታዲየሙ በር ላይ ነኝ። ተጫዋቾቻችን ማሊያቸውን እንደለበሱ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፈዋል፤ ሰልፉ ጥግ የለውም። አምበላችን ምንተስኖት ከሰልፉ ተገፍቶ ይወጣል፣ «ኧረ ቦታዬ ነው!» እያለ ተመልሶ ይገባል። ፖሊሶቹም ከኋላ ተሰልፈዋል፤ አንዲት ለውዝ ሻጭ ሴትዮ ዱላ ይዛ ታስተካክላቸዋለች።

«ማንን ልታዩ ነው?» አልኩት ምንተስኖትን።

«እናንተን ነዋ! ዛሬ ደጋፊ ነው የሚጫወተው።» ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። «ለመሆኑ አሟሙቀሃል? ባለፈው ሳምንት ገና በሃያኛው ደቂቃ ነው ድምፅህ የተዘጋው። አሳፈርከን እኮ፣ ስንሻው!»

ወዲያው ሜዳው መሃል ቆሜያለሁ። ቁምጣ ለብሻለሁ፤ ቁምጣ ከለበስኩ ደግሞ ስንት ዘመኔ! አጠገቤ ልብስ ሰፊው ወንድይፍራው፣ ስታዲየም ከጎኔ የማይጠፋው ወዳጄ፣ ቦርጩን ታቅፎ ያሟሙቃል። ኳስ የሚባል ነገር የለም። ከፊት ለፊታችን የነጭ ድንጋይ ደጋፊዎች፣ እነዚያ የዕድሜ ልክ ባላንጣዎቻችን፣ ተሰልፈው ያፈጡብናል። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ሁላችንም መጮህ ጀመርን።

ተጫዋቾቹ ጥላ ፎቅ ተቀምጠው ቆሎ እየቃሙ ያዩናል። ማየቱስ ባልከፋ፤ አፋቸው!

«ስንሻው! ሳንባህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?» ይላል አንዱ። ማን መሰላችሁ? ግብ ጠባቂያችን! ባለፈው እሁድ በእግሮቹ መሃል ሦስት ጎል የገባበት ሰው!

«ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው» አለ ከጎኑ ያለው ተከላካይ። «በአራት ጯሂ፣ በሦስት ተራጋሚ፣ በሦስት ጸላይ ይገባል እንዴ? ከነጭ ድንጋይ ጋር ስትጫወት ጸላይ ታበዛለህ!»

«ጸሎት ከሜዳህ ውጭ ነው የሚያዋጣው። በሜዳህ ስትጫወት እርግማን ይሻላል።»

«አንተ የድሮ ሰው ነህ። ዘመናዊ ደጋፊ እየተራገመ ይጸልያል።»

እውነት ለመናገር ይቺኛዋ አልከፋችኝም። እኔ እንደዚያ ነው የምጫወተው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ጥሩ አድርጌ ስጮህ ተጫዋቾቹ ተነስተው ያፏጫሉ፣ «ሌባ! ሌባ!» ይላሉ፤ አሰልጣኙም ጎሽ ብሎ ጀርባዬን ይመታኛል። ወንድይፍራው ግን ሳል ይዞት ጩኸቱን ሲያቋርጥ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ምስኪኑ አንገቱን ደፋ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አጨበጨቡብኝ እኮ! ልጆቼ ፊት!» አለና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

ለካ እዚያ አገር ፉጨት ምርቃት ነው፤ ጭብጨባ ደግሞ ተቃውሞ። የሚቃወም ሰው ያጨበጭባል፤ በጣም የሚቃወም ተነስቶ ያጨበጭባል።

ዕረፍት ተባለና ጋሽ ዳምጠው ጸጉር ቤት ገባን። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ክለባችን የምንከራከርባት ቤት ናት፤ አሰልጣኝ የምንሾመውም የምንሽረውም እዚያ ነው። አሁን ግን ወንበሩ ላይ ጉብ ያሉት ራሳቸው ጋሽ ዳምጠው ናቸው፤ ደንበኛው መቀስ ይዞ እሳቸውን ለመቁረጥ ተሰልፏል። ራሰ በራ ናቸው፤ ሆኖም ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ይደርሳል። የእኛ የክርክር አግዳሚ ላይ ተጫዋቾቹ ተደርድረዋል።

«ክለብ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ቀረ» ይላል ምንተስኖት፣ እግሩን አነባብሮ። «ክለብ ይከስራል፤ ይወርዳል፤ ይፈርሳል። መግዛት ደጋፊ ነው! ብትሸነፍበት ይመጣል። ብትሰድበው ይመጣል። ዝናብ ቢወቅጠው ላስቲክ ተከናንቦ ይመጣል። የትኛዋ ላም ነች እንዲህ የምትታለብ?»

«ግን የደጋፊው ባለቤት ማን ነው?» አለ ተቀያሪው።

«ድሮ ሕዝብ ነበር ይላሉ። አሁን ሜዳችን ላይ የሚግጠው በሬ ነው።»

«እና ማንን እንሽጥ?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩ። 

«ስንሻው ለነጭ ድንጋይ ቢሰጥ ምናለ?» አለ ምንተስኖት። «ዕድሜው ገፋ እንጂ፣ እሱ የጀመረውን ነገር ሕዝቡ ሳያስብ ነው የሚከተለው።»

ይሄስ ሐሰት አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት አስጨብጫቢው እኔ ነኝ። ግን ለነጭ ድንጋይ? «ምን በወጣኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ዕድሜዬን ሙሉ ስረግማቸው ኖሬ እነሱን ላጅብ? አባቴ የተቀበሩ ዕለት እንኳ ለቀስተኛውን ትቼ ውጤት ስጠይቅ የነበርኩ ሰው ነኝ!» ብዬም አለቀስኩ። አንድም የሰማኝ የለም። ጋሽ ዳምጠው ብቻ «ጎኑን አሳጥሩልኝ» አሉ።

ከጸጉር ቤቱ በር ስወጣ ክቡር ትሪቡን ላይ ወጣሁ። በሬው እዚያ ተቀምጧል። በሬውን አውቀዋለሁ፤ የሜዳችን የጥበቃ ሠራተኛ በሬ ነው፣ ሣራችንን ሲግጥ የኖረ። አሁን ከረባት አስሯል፤ ከፊቱ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። አጠገቡ ኮት የለበሰ አስተርጓሚ ፋይል ይዞ ቆሟል።

«እምቧ» አለ በሬው።

«ክቡር ባለሀብቱ እንደገለጹት» አለ አስተርጓሚው፣ «የክለባችን ራዕይ በመጪዎቹ አሥር ዓመታት በአፍሪካ ግንባር ቀደም በሆኑ ሦስት ሜዳዎች ላይ በስፋት መጋጥ ነው።»

«ሣሩን ጨርሶት የለም እንዴ!» አለ ወንድይፍራው ከታች።

«እምቧ!»

«የሣሩ ማለቅ እንደ አፈጻጸም ክፍተት ተገምግሟል። ክፍተቱን ለመሙላት ስንሻው የተባለው ደጋፊ በሁለት ሸክም ጭድ ለነጭ ድንጋይ እንዲሸጥ ሐሳብ ቀርቧል።»

ሁለት ሸክም! ያናደደኝ መሸጤ ይሁን ዋጋዬ እስካሁን አልለየሁትም። ወንድይፍራው እንኳ ሦስት ሸክም ተጠይቆበት ነበር።

የእንስሳት ሐኪም መጣና አፌን ፈልቅቆ በባትሪ አየኝ። «ጥርሱ ደህና ነው። ጉሮሮው ግን አልቆለታል። ለነጭ ድንጋይ ይበቃል» ብሎ ፈረመ። ወዲያው የነጭ ድንጋይን ሻርፕ አመጡና አንገቴ ላይ ጠመጠሙት። አልፈልግም ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። ደገምኩ፤ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ለሌላ ሰው የጮህኩበት ጉሮሮ ለራሴ አንዲት ቀን ስፈልገው ከዳኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ሽያጩን የሚቃወም ካለ ያጨብጭብ!» አለ አስተርጓሚው። «ከሌለ ተፈጽሟል።»

እጅ አለኝ ለካ! ብድግ አልኩና አጨበጨብኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ፤ የእኔ መዳፍ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ወንድይፍራው ጀመረ። ከዚያ ጸጉር ቤቱ በሙሉ፣ ጋሽ ዳምጠው ፎጣቸውን እንዳሰሩ፣ ከዚያ ፖሊሶቹ፣ ለውዝ ሻጯ፣ ምንተስኖት ሳይቀር! ምድር ቀውጢ ሆነች። በሬው ደንግጦ ተነሳ፤ አስተርጓሚው ፋይሉን በተነው። ሻርፑ ከአንገቴ ወለቀ። አልተሸጥኩም! እሰይ፣ አልተሸጥኩም! እያነባሁ መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ዓይኔን ስገልጥ እያጨበጨብኩ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሦስት መቶ የሚሆን ደጋፊ እኔን እኔን እያየ፣ ቆሞ፣ ያጨበጭባል። መድረኩ ላይ አቶ ዘርጋው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሳሉ። ሰብሳቢው ማይክራፎኑን መታ መታ አደረገ።

«የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት፣ ክለባችንን ለአቶ ዘርጋው ለማስተላለፍ የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ውይይት ሳያስፈልገው፣ እንደተለመደው በጭብጨባ፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ለተቃውሞ ስማቸውን አስመዝግበው የነበሩት አቶ ስንሻው ከሁሉ ቀድመው ተነስተው ድጋፋቸውን ስለገለጹ ጉባኤው በተለየ ሁኔታ ያመሰግናቸዋል።»

እጄን ላቆም ፈለግኩ፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን እጄ ላይ ተክሎ እንዴት ብዬ ቀድሜ ላቁም? ወንድይፍራው ከጎኔ ጭብጨባውን ሳያቋርጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ስንሻው፣ ምን ተባለና ነው?»