ሶፋው ሥር የገባው ዓሣ

በጸሎት ቤት ዝምተኛ ሴት ሰላም የላትም። የሚጮኸውን ሰው ማንም ምን ሆነህ አይለውም፤ ዝም ካላችሁ ግን ወይ አኩርፋችኋል፣ ወይ ክፉ መንፈስ ይዟችኋል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፅ ሳላሰማ ነው የምጸልየው። የእግዚአብሔር ጆሮ ደህና ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ያሉ ወገኖቼ በዚህ አይስማሙም። ሐሙስ ሐሙስ በየቤቱ እየዞርን ስንጸልይ፣ «እትዬ አልማዝ ነፃ እንዲወጡ» የሚል ርዕስ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ተራው የእኔ ቤት ነበር።

ቤቴ ውስጥ ዓሦች አሉኝ። ልጄ ብቻሽን ሆንሽ ብሎ ውሻ ላምጣልሽ ሲለኝ፣ የሚጮኽ ነገር በቃኝ አልኩት። ኪሊ የሚባሉ፣ ከትንሿ ጣቴ የማይበልጡ ዓሦች ይዞልኝ መጣ። እነዚህ እንደ ሌላው ዓሣ ወደ ታች አይወርዱም። ከውሃው አናት ላይ አፋቸውን ወደ ላይ አቅንተው መዋል ነው ሥራቸው። ወንዱ ሰማያዊ ነው፤ ጅራቱ ነበልባል ይመስላል። ስም አላወጣሁለትም፤ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንልኝም። ጠዋት ጠዋት ግን ምግቡን ከጣቴ ጫፍ ነው የሚበላው፣ እኔም ከእሱ በፊት ቁርስ አልቀምስም። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

አንድ ክፉ አመል አላቸው፤ ይዘላሉ። የመስታወት ገንዳቸው ክዳን ከተነሣ ምንጣፍ ላይ ናቸው፣ ከውሃ ውጪ ደግሞ ብዙ አይቆዩም። ክዳኑ ይዘጋ... ልጄ ደጋግሞ የነገረኝ ይህንኑ ነው።

እስቲ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ፍጡር ለእኛ ሰው አሳዩትና ዝም ብለህ እለፍ በሉት! ከሁሉም ቀድማ የመጣችው ጓደኛዬ ብርቄ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ገንዳው ላይ አቀረቀረች።

«አንቺ፣ እነዚህን በረሃብ ልትፈጂያቸው ነው?»

በልተዋል አልኳት። የበላ እንዲህ አፉን አይከፍትም አለች። ወጥ ቤት ደርሼ ስመለስ የዳቦ ፍርፋሪ ከእጇ ታራግፋለች። አንድ አንድ ጉርሻ ብቻ ነው የሰጠኋቸው አለችኝ። ክዳኑን ልብ ሳልል እንግዶቹ ገቡ።

ጸሎቱን የሚመራው ወንድም ዳዊት ሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ማሽን ይነዳል። ድምፁ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ደግ ልጅ ነው። ዓይናችንን እንጨፍን አለ፣ ሁሉም ቆሞ ጨፈነ። እኔ አንዱን ዓይኔን ትንሽ... አትፍረዱብኝ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ። ክዳኑ ወንበር ላይ ተቀምጧል! እግሬን ሳላነሣ አንድ ሰማያዊ ነገር አየር ላይ ብልጭ አለና ሶፋው ሥር ገባ።

«ጌታዬ!» አልኩ፤ ያውም ጮክ ብዬ።

በጉልበቴ ወደቅኩና ክንዴን ሶፋው ሥር ሰድጄ ምንጣፉን እዳብስ ጀመር። ከላዬ ቤቱ ተናወጠ። የስንት ዓመት የጸሎት ርዕስ መልስ አግኝቷላ! አንዱ ራሴ ላይ፣ አንዱ ትከሻዬ ላይ እጁን ጫነ። ብርቄ እያለቀሰች ወገቤን አቀፈች። ዓሣው ጣቴ ጫፍ ላይ እየተንፈራገጠ ያመልጠኛል፤ ወደፊት ልሳብ ስል እሷ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። ዓሣዬ ነው፣ ልቀቁኝ ብል ማን ሰምቶኝ።

በመጨረሻ ጨበጥኩት። መንፈራገጡን ትቷል። እንደ ምንም ብነሣ መንገዱን ዘጉብኝ።

«እትዬ አልማዝ፣ እጅዎን ይዘርጉ! ይቀበሉ!» ይላል ዳዊት፣ ጭብጤን ሊፈለቅቅ እየታገለ።

«ተቀብያለሁ፤ ዞር በል» አልኩት።

ዞር አለ።

ውሃው ውስጥ ስለቀው በጎኑ ተኛ። ሁሉም ገንዳውን ከበቡ። ያን ጊዜ በልቤ ያልኩት በእኔና በሰሚው መካከል ይቅር። ብርቄ ወንበሩ ላይ ያለውን ክዳን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ ተለወጠ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጅራቱ ተንቀሳቀሰ። ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣና አፉን ከፈተ።

ብርቄ ናት ቀድማ ሃሌ ሉያ ያለችው። የክዳኑን ነገር ከምታወራ ተአምሩን ማውራት እንደሚሻላት ገብቷት ኖሮ፣ እሑድ ጸሎት ቤት ስደርስ «እትዬ አልማዝ የሞተ ዓሣ አስነሡ» የሚል ወሬ ጠበቀኝ። አልሞተም ነበር እላለሁ፤ ትሕትናዋን አያችሁ ይላሉ።

ትናንት ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው በኦቤትስ የምትኖር አንዲት እናት ደወለችልኝ። የልጇ ሃምስተር፣ ያ አይጥ መሳይ የቤት እንስሳ፣ ደርቆ ተገኝቷል፤ እባክዎ መጥተው እጅዎን ይጫኑበት ትለኛለች።

«የኔ ልጅ፣ ቅበሪው» አልኳት።

ዝናዬም ኦቤትስ ድረስ ሄዶ እዚያው ቆመ።