በር ቆልፎ የሚጫነው ባሌ

እስቲ ፍረዱኝ፤ ባል መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ሲቆልፍ ምን ይባላል? የእኔው መምህር ባል፣ ከዲላ ሰው ሁሉ የዋህ ነው ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቆለፈ። ጆሮዬን በሩ ላይ ብጥል የሴት ድምፅ ሰማሁ፦ «ቀስ ብለህ ጫነው፤ አትቸኩል።» የሰፈሩን ሴቶች ድምፅ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የመዘምራን መሪ ሴትዮ ሳይቀር ጠረጠርኩ።

በአራተኛው ቅዳሜ መቆለፍ ረስቶ ኖሮ ገፍቼ ገባሁ። መስታወት ፊት ተቀምጧል። ስልኩ ላይ አንዲት ፀጉር ሠሪ በቪዲዮ ታስተምራለች። መላጣው ላይ ሰው ሠራሽ ፀጉር ወደ ግራ አጋድሎ ተለጥፏል፤ ሙጫው ቅንድቡ ድረስ ወርዷል።

«ለማን ብለህ ነው?» አልኩት።

«ገደብ ከተማ ስንሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቦታ የለቀቀችልኝ ልጅ ‹አባትሽ እዚህ ይቀመጡ› ስትልሽ፣ ባሌ ነው አላልሽም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፈገግ ብዬ ዝም ነበር ያልኩት።

እጁ ያልደረሰበትን የኋላውን ጠርዝ እኔ ጫንኩለት። ሴትዮዋ ከስልኩ «እስኪይዝ አምስት ደቂቃ ጠብቅ» አለች። ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። አምስቱ ደቂቃ ካለፈ በኋላም አልለቀቅኩትም፤ እሱም ልቀቂኝ አላለም።