ኮምፒውተር ሲጠይቃቸው ዝም የማይሉት ሰው

በዓለም ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ኮምፒውተር የጠየቀውን በሙሉ ልቡ የሚመልስ አንድ ሽማግሌ አለው። ከሌለው ሰውየው ጡረታ ወጥቷል፣ አጠገቡ ትቀመጥ የነበረችውም ልጅ አርፋለች ማለት ነው። እኔ ገና አላረፍኩም።

የኛው ሽማግሌ ክቡር ምዜ ኪዲጋ ናቸው። ምዜ፣ ማለትም ሽማግሌ፣ የምንላቸው ለሽበታቸው ነው። እዚህ ቪሂጋ ከተማ፣ በከብት ክትባት ቢሮ ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤቱን ይዘዋል። እኔ ካጌሃ ደግሞ ጠረጴዛዬ ከሳቸው ጎን ስለሆነ ብቻ የኮምፒውተር አስተማሪያቸው ሆኜ ቀረሁ። ማንም አልሾመኝም፤ ስለዚህ የሚሽረኝም የለም።

አንድ ገጽ ሲከፈት "ይስማማሉ?" ተብሎ ይጠየቃል። ጤነኛ ሰው "እስማማለሁ" ብሎ ያልፋል። ምዜ ኪዲጋ ያነባሉ። አንድ ቀን ዝናብ መኖር አለመኖሩን ለማየት ገብተው፣ አርባ አንድ ገጽ የውል ቃል አትመው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ከጠዋት ሻይ እስከ ምሳ ተቀመጡበት። እስኪጨርሱ ዝናቡ መጥቶ ሄደ።

"ምዜ፣ ዝም ብለው ይጫኑት እንጂ" አልኳቸው።

"ሳላነብ እስማማለሁ ልበል? አሥራ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ የማልስማማበት ነገር አለ።"

"ለማን ሊነግሩት ነው ታዲያ?"

"ለጠየቀኝ ነዋ። ተጠይቄ ዝም እላለሁ እንዴ?"

ይቺ "ተጠይቄ ዝም እላለሁ እንዴ" የምትባል ነገር አንጀቴን አሳርራዋለች። "በዚህ አድራሻ መልስ አይላክም" ለሚል ኢሜይል መልስ ይልካሉ፤ ያውም መጀመሪያ የቤተሰቡን ጤና ጠይቀው። አንዴ "የይለፍ ቃልዎ ጊዜው ሊያበቃ ነው" የሚል መልእክት ደርሷቸው "ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ" ብለው ጻፉ። መልስ ሲያጡ ሰውየው ታሞ ይሆናል ብለው ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቁ ከረሙ። "ሮቦት አይደለሁም" የሚለው ሳጥን ሲመጣማ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀና ብለው ተቀምጠው ነው የሚመልሱት።

ምዜ "ወዳጆች" የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የወዳጆች ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ እንኳ አይምልም፤ አዎ ካለ አዎ ነው፣ አለቀ። እኔም ያደግኩት እዚያው ነው። ግን ሳላነብ እስማማለሁ።

ባለፈው ወር ከዋናው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ አድራሻ ገብቶ፣ ቅጽ ሞልቶ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት መላክ አለበት፤ ያልላከ ያለ ጊዜው ጡረታ ይወጣል። ምዜ ኪዲጋ ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል፣ የመጨረሻ ልጃቸውም ገና ነርስነት እየተማረች ነው። ደብዳቤውን አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የዚያን ቀን ማንዳዚያቸውን፣ የሻይ ቦምቦሊኖውን፣ ሳይነኩት ሻያቸው ቀዘቀዘ።

ሦስት ቀን አስተማርኳቸው። አንዱን መስኮት ሲከፍቱ ሌላውን ይዘጋሉ፣ "አስቀምጥ" ስላቸው የት እንደሚቀመጥ ሳይነገራቸው አያስቀምጡም። ድምፄ ተዘጋ። ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅጹ ተሞልቶ አለቀ፤ የቀረው አንዲት ሳጥን ናት። ምዜ ጮክ ብለው አነበቧት፦ "ይህን ቅጽ ያለማንም እርዳታ ብቻዬን መሙላቴን አረጋግጣለሁ።"

እጃቸውን ከማውሱ ላይ አነሱ። "ይቺን አልጫናትም።"

"ምዜ፣ በእናትዎ።"

"ፊደሉን እየፈለግሽ ያሳየሽኝ አንቺ። የሳትኩትን ያረምሽው አንቺ። ታዲያ ብቻዬን የቱ ጋ ነው?"

"ሁሉም ሰው ነው የሚጫናት። ማን ያያል?"

"እኔ አያለኋ፣ ልጄ።"

"ሥራዎ ነው እኮ የሚሄደው። ልጅዎስ?"

"እሷን አታንሺብኝ" አሉ ቀስ ብለው። ውሃ ልጠጣ ብለው ወጡ።

አልዋሽም፣ እጄን ወደ ሳጥኗ ዘርግቼ ነበር። አንድ ጊዜ ጫን ማድረግ ነው፤ ሰውየው ሥራቸው ይተርፋል፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ግን ተመልሰው ሲያዩት ምን እንደሚሉኝ አሰብኩና ተናደድኩ፤ በሳቸውም በራሴም። ከላይ እስከ ታች የሞላነውን ሁሉ አጠፋሁት።

ሲመለሱ "ባዶ ነው" አልኳቸው። "እርስዎ ይሙሉት። እኔ ውጪ ነኝ።"

ግቢው ውስጥ ካለው አቮካዶ ዛፍ ሥር፣ ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ቆምኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። በአንድ ጣት ሲመቱ ይሰማኛል፤ ጠቅ ይላል፣ ደግሞ ረጅም ዝምታ። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፃቸውን ሰማሁ፦ "የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ ይላል። እኛ ከተማ የትራፊክ መብራት የት አውቃለሁና ነው?" ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ለመናገር አምሮኝ አያውቅም።

ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀር ስልኬ ላይ ኢሜይል ገባ። "ውድ ካጌሃ፣ እንዴት ነሽ? እናትሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ልኬዋለሁ። ብቻዬን።"

አለቀስኩ። ምን ይደረግ፣ አለቀስኩ።

ሰኞ ከጎኔ ጠረጴዛ ማንም አልጠራኝም። ማክሰኞም እንደዚያው። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ጸጥታ ይኸው መጣልኝ፤ ሥራ ግን እምቢ አለኝ፣ ጆሮዬ ወደዚያ ጠረጴዛ እየሄደ። ረቡዕ ከሻይ በኋላ ወንበሬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

"ምዜ፣ ምንም አላስቸገረዎትም?"

"ምንም፣ ልጄ።"

"ትንሽም?"

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ እኔ እያየኋቸው፣ ሲያነቡት የነበረውን ገጽ ራሳቸው ዘጉት።

"ገጹ ጠፍቷል" አሉ። "እስቲ ቁጭ በይ።"