ና፣ ና፣ ና… በቃ

መኪና ወደ ኋላ መሄድ በጀመረበት ቦታ ሁሉ፣ ከመሬት ይብቀል ከሰማይ ይውረድ ሳይታወቅ፣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ይገኛል። ማንም አልጠራውም። መንጃ ፈቃድ የለውም። እጁን ግን ዘርግቷል። «ና፣ ና፣ ና… ስበር፣ ስበር… መልስ… ና» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ መኪና የሌለበት ሰፈር ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ቁም ሣጥን የሚያስገባ ሰው ስለማይጠፋ፣ ሰውየው እሱን ሲያስተናብር ታገኙታላችሁ።

የእኛ ቤት አስተናባሪ የእናታችን ታናሽ ወንድም ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ከእናታችን በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ በቃ» ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ ነገሩ ከበድ ሲል «ክቡር ጋሼ በቃ» እላቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት መዝገብ ቤት ነው። ፋይል ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ መደርደሪያ ከመመለሱ በቀር ምንም ነገር በማይንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን ተቀመጡ። ጡረታ ሲወጡ ያ ሁሉ የተጠራቀመ እንቅስቃሴ እጃቸው ላይ ወጣ።

ጎረቤት ሶፋ ገዝቶ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ ደረጃው ላይ ያቃስታሉ፤ ጋሼ ከታች ሆነው «አዙሩት፣ አዙሩት፣ በጎኑ… ኧረ በዚያኛው ጎኑ» ይላሉ። በመጨረሻ ላባቸውን የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። ዲሽ ሲስተካከል የነበረውንማ አልረሳውም። ዲሹ ያለው ጣራ ላይ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፣ ጋሼ የቆሙት ግቢው መሃል ላይ ነው። ሁለቱንም አያዩም። ይህ ግን ትዕዛዝ ከመስጠት አላገዳቸውም፤ «መጣ… መጣ… ጠፋ… ትንሽ ወደ ግራ» ሲሉ፣ ጣራ ላይ ያለው ሰውዬ ከመታዘዝ በቀር ምን ይበል። ፎቶ ስንነሳ ደግሞ ሰልፉን የሚያስይዙት እሳቸው ስለሆኑ፣ በቤተሰባችን ፎቶ ሁሉ ጥግ ላይ «ጠጋ በሉ» የምትል አንዲት እጅ አለች። ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ ቀና ያለች፣ ሰፊ እጅ።

«በቃ» የሚሉት ጡጫቸውን አየር ላይ ጭብጥ አድርገው ነው። አጨባበጡ ዓመት ከዓመት አንድ ነው፤ ፀጉር ታህል አይለወጥም። አንድ ጠባይ ብቻ አለው፣ ይዘገያል። መጀመሪያ ቋ ይላል፣ ከዚያ ጋሼ «በቃ» ይላሉ። የመኪናዬ የኋላ መብራት የሄደው እንዲህ ነው። ወርጄ ስብርባሪውን ሳይ እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም።

«በቃ ብያለሁ እኮ» አሉኝ። «አንተ ነህ ያልበቃህ።»

እውነቱን ለመናገር፣ የኋላ ካሜራ ያለው መኪና የገዛሁት ከእሳቸው ለመገላገል ነው። ስክሪኑን ሳሳያቸው ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና፣ «ያያል እንጂ አይናገርም» ብለው ሄዱ። በማግስቱም ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እህቴ ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ሰው የሚያየው ዘፋኙን ነው፤ እሷ ከዘፋኙ ጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያው ጎን፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ ታይቶ ስትጫወት ኖራለች። በመጨረሻ ግን የከተማው ትልቁ አዳራሽ በአንድ የሙዚቃ ምሽት ላይ የራሷን ድርሰት እንድታቀርብ ፈቀደላት። ዘፋኝ የለም፤ እሷና ሥራዋ ብቻ። ይህ ቀን ካመለጠ ተመልሶ እንደማይመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ችግሩ፣ የደረሰችው ሙዚቃ ሦስት እጅ ይፈልጋል። ሁለቱ ኪቦርዱን ሲጫወቱ፣ ሦስተኛው ከኮምፒውተር የሚወጣውን የቫዮሊኖች ድምፅ ቀስ እያለ ማሳደግ፣ ዝቅ ማድረግ፣ መጨረሻ ላይም ቀጥ ማድረግ አለበት። ስለዚህ አንድ ዕቃ አስመጣች። ሚዲ ኮንትሮለር ይሉታል፤ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል፣ ፊቱ ላይ ዓይን ያለው ነገር ነው። ከፊቱ የእጅ እንቅስቃሴ ሲያይ በገመዱ በኩል ለኮምፒውተሩ ይነግራል፤ ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ነው።

«ራሱ ድምፅ የለውም» ብላ አስረዳችኝ። «ሌላው ድምፅ እንዲያወጣ ነው የሚያዘው።»

ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ገመዱን እየገመገሙ ነበር።

ዕቃውን ለሥራ ማዘጋጀቱ ቀላል አልነበረም። ኮምፒውተሩ «አላውቀውም» አለ። ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለን በሌላው ሰካነው፤ ጋሼ «ወደ ቀኝ» ስላሉ ወደ ቀኝ፣ «ወደ ግራ» ስላሉ ወደ ግራ። ፕሮግራሙን ጫንን፣ አጠፋን፣ እንደገና ጫንን። ሲተዋወቁ ደግሞ ማስተማሩ መጣ። ዕቃው እንደ አዲስ ተማሪ ነው፤ አንድን ምልክት ደጋግመው ካላሳዩት አይገባውም፤ ሲገባው አረንጓዴ መብራት ያበራል፣ ካልገባው ቀይ። እህቴ ግራ እጇን ከፍ አደረገች። ቀይ። እንደገና ከፍ አደረገች። ቀይ። ኪቦርድ የለመደ እጅ የሚነካው ነገር ሲያጣ ግራ ይገባዋል መሰለኝ፣ አንዴ እንደ ክንፍ፣ አንዴ እንደ ማንኪያ እየሆነባት ሁለቴ አንድ ዓይነት ሊሆንላት አልቻለም።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አሉ ጋሼ ከኋላዋ ቆመው። «ከፍ አርጊው እንጂ። እንዲህ። ነይ፣ ነይ፣ ነይ…»

አረንጓዴ። ተቃቅፈን ጨፈርን። ዝቅ ማድረጉም አረንጓዴ፣ ጡጫውም አረንጓዴ። ዕቃው ከፊቱ ያለውን ሁሉ እንደሚያይ፣ ከእህቴ ትከሻ በላይ ደግሞ ሌላ እጅ እንደነበረ በጊዜው ማናችንም ልብ አላልንም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ልምምድ ሆነ። ጋሼም በየቀኑ ከኋላዋ ቆሙ፤ ሙዚቃውን ከእሷ እኩል ሸመደዱት። እሷ ግራ እጇን ስታነሳ እሳቸውም ያነሳሉ፤ ቫዮሊኖቹ ይመጣሉ። ሁለት ነገር ብቻ አሳሰባት። አንደኛው፣ ግራ እጇ ከኪቦርዱ በተነሳ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይጎድላል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነባት። ሁለተኛው፣ መጨረሻው ላይ እሷ ጡጫዋን ስትጨብጥ ቫዮሊኖቹ ወዲያው አያቆሙም።

«ዕቃው ይዘገያል» እያለች ታማርር ነበር። ስንት ቁልፍ ነካካች፣ ምንም አልተለወጠም።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ሙከራ ተጀመረ። እህቴ ተጫውታ ተጫውታ ቫዮሊኖቹ የሚመጡበት ቦታ ላይ ደረሰችና እጇን አነሳች። ዝም። እንደገና አነሳች። ዝም። የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ገመዱን አየ፣ ደህና ነው። ኮምፒውተሩን አየ፣ ደህና ነው። የምሽቱ አዘጋጅ ሰዓቱን እያየ መጣ።

«ካልሠራ በኪቦርዱ ብቻ ተጫወቺ» አላት። «ያ ካልሆነ ተራሽን ለሚቀጥለው ልስጠው።»

ሙዚቃው ያለ ቫዮሊኖቹ መጨረሻ የለውም፤ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። የድምፅ ባለሙያው ግን ፕሮግራሙን ከፍቶ የተቀረጹትን ምልክቶች አወጣ፤ ዕቃው የሚያውቀው የእጅ ቅርፅ ስክሪኑ ላይ ታየ።

«ይሄ የአንቺ እጅ ነው?» አላት።

ጎንበስ ብለን አየነው። ሰፊ እጅ ነው፤ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ቀና ብላለች። ያቺን እጅ በሕይወቴ ሙሉ አውቃታለሁ። በቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ጥግ ላይ ያለችው ናት።

«ጋሼ የት አሉ?» አለች እህቴ።

የት ይሆናሉ። ወደ መኪና ማቆሚያው ሮጥኩ። ክቡርነታቸው ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰው አንድ ሚኒባስ ወደ ኋላ እያስገቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ይፈለጋሉ። ቶሎ።»

«ቆይ፣ ይሄን ላስገባ። ና፣ ና፣ ና…»

ቋ።

«በቃ» አሉና ተከተሉኝ።

ነገሩ ሲነገራቸው ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። መድረኩን አዩ፣ ባዶውን ወንበር ሁሉ አዩ፣ ከዚያ እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የጋሼን እጅ ኪስ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«እኔ አይሆንልኝም» አሉ በቀስታ። «እኔ እኮ ከዳር ሆኜ ነው የማውቀው። እኔ ስል ሌላው ነው የሚያደርገው። ቢበላሽም… የሌላው ነው። ይሄ ግን የኔ ሊሆን ነው። የልጄን ቀን ላበላሽ?»

አሳዘኑኝ። ያ ሁሉ ዘመን ያላየሁት ነገር ታየኝ፤ ሰውየው ሁሌ ከዳር የሚቆሙት መሃል መግባት ስለሚፈሩ ነው። እህቴ እጆቻቸውን ከኪሳቸው ራሷ አወጣቻቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሙዚቃ አይጫወቱም። ከኋላዬ ቆመው መኪና ነው የሚያስገቡት።»

ትንሽ አሰቡ። «ምን ዓይነት መኪና?»

«ትልቅ። ሙሉ ጭነት የያዘ።»

«መንገዱስ?»

«ጠባብ።»

ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

ምሽት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የጋሼን ኮት ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እህቴ ወጥታ ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠች፤ ጋሼ ከኋላዋ ቆሙ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ጠጋ ብለው «ሽማግሌው ምንድን ናቸው?» አሉኝ። «አስተናባሪ ናቸው» አልኩ፣ ሌላ ቃል ስለጠፋኝ።

ጀመረች። ቦታው ሲደርስ ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፤ ና፣ ና፣ ና። ቫዮሊኖቹ መጡ። እንደ ከባድ መኪና ቀስ ብለው፣ ወለሉን እያንቀጠቀጡ መጡ። እህቴ እጇን ማንሳት አላስፈለጋትም፤ ሁለቱም እጆቿ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ፣ በልምምድ ጊዜ ይጎድል የነበረው ወፍራም ድምፅም ሞላ። ጋሼ ስበር አሉት፣ ሰበረ። መልስ አሉት፣ መለሰ። በሕይወታቸው እንዲህ የታዘዘላቸው ነገር አልነበረም። ግንባራቸው ላይ ላቡ ያበራል፤ ይህኛው ግን ሠርተው ያገኙት ላብ ነው።

መጨረሻው መጣ። እህቴ የመጨረሻዋን ድምፅ መትታ እጆቿን አነሳች። ኪቦርዱ ዝም አለ። የጋሼ ጡጫ ገና አልተጨበጠም። በልምምድ ጊዜ ስትረግመው የኖረችው ያ መዘግየት ነው። ቫዮሊኖቹ ብቻቸውን ቀሩ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ሰው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ በር ላይ እንደሚቆም ሰው፣ ብቻቸውን ቆሙ። አዳራሹ ውስጥ የተነፈሰ የለም። ከዚያ በቃ።

ያ ትንፋሽ ነው ሰውን የገደለው። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔም አለቀስኩ፤ የምደብቀው ነገር የለኝም፣ እንባዬን የጠረግኩት በጋሼ ኮት ነው። እህቴ በኋላ፣ «እኔ ብሆን እዚያ ቦታ ላይ መዘግየትን አልደፍርም ነበር» አለችኝ፤ አሁን ድርሰቱ ላይ ጽፋ አስገብታዋለች።

ጋሼ ግን አሁንም መድረክ ላይ ናቸው። ጭብጨባው ሲበዛባቸው አመሰግናለሁ ለማለት እጃቸውን አነሱ። ዕቃው አልጠፋም ነበርና ቫዮሊኖቹ እንደገና መጡ። ደንግጠው ጡጫቸውን ጨበጡ። ቫዮሊኖቹም ሰዉም አንድ ላይ ጸጥ አሉ። ሕዝቡ ይሄም የሙዚቃው ክፍል መስሎት እጥፍ አድርጎ አጨበጨበ። ከጎኔ ያሉት ሴትዮ «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ሲሉኝ፣ አሁን ቃሉ አልጠፋኝም። «አጎቴ ናቸው» አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ፣ ከፊታችን የተቀመጡትም እንዲሰሙ።

ስንወጣ መኪናዬን ከፊቷ በሌላ መኪና ተዘግታ፣ ከኋላዋ የሲሚንቶ ምሰሶ ቆሞ አገኘኋት፤ ወደ ኋላ ካልወጣሁ መንገድ የለም። እህቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ጋሼ ሰው ያሸከማቸውን አበባ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ከኋላ ቆመዋል። እጃቸው ስለተያዘ ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ያዩኛል። ማርሹን ወደ ኋላ ሳስገባ ካሜራው በራ፤ ምሰሶው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእህቴን ሻርፕ ተቀብዬ ስክሪኑ ላይ ጣል አደረግኩበትና መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ምንም አይታየኝም።»

አበባውን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጡ። እጅጌያቸውን እንደገና ጠቀለሉ።

«ና» አሉ። «ና፣ ና፣ ና… ስበር… መልስ… ና፣ ና…»

መስታወቱንም ሳላይ መጣሁ።

ቋ።

«በቃ» አሉ ጋሼ።